የክሎሪን ሽታ ሲጠፋ

ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ላይ ውሃ ከምንጩ ተነስቶ ኩባያ እስኪገባ የሚያልፍበት መንገድ

ውሃ ይለቀቃል በተባለበት ሌሊት የወልድያ ሰፈሮች ከወፍ ቀድመው ይነቃሉ። ቢጫ ጀሪካኖች ከየበሩ ይወጣሉ። ሮቶ ያለው ቤት የሮቶውን ክዳን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የሌለው በርሜል፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ይደረድራል። ቧንቧው መጀመሪያ የሚተፋው አየር ነው። ፉጨቱ ሲያልፍ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ እየተቆራረጠ ይወርዳል። ነገሩን የለመደች የቤት እመቤት የመጀመሪያውን ባልዲ “ይኼ ለወለል ነው” ብላ ገለል ታደርገዋለች። ቀጥሎ የሚመጣው ይጠራል። ያን ጊዜ አንዷ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ፣ “ዛሬ ደግሞ መድኃኒቱን ለቀቁበት!” ትላለች። ጎረቤቷም “ክፍቱን ይደር፣ ይተዋል እታለም” ብላ ታጽናናታለች።

“መድኃኒቱ” ክሎሪን ነው። ስለ ከተማ ውሃ ከሚሰማው እሮሮ ከመጥፋቱ ቀጥሎ የሚነሳው ይኸው ሽታው ነው። እርግጥ ነው፣ ሲበዛ ያስጠላል፤ የሻይ ጣዕም ያበላሻል፤ ጨጓራ ያለበትን ሰው ያሳስበዋል። ሆኖም ሰው የሚጨነቀው በማይገባው ቀን ነው። ሽታው ያለበት ውሃ ጠባቂው አብሮት አለ። ሊያስጨንቀን የሚገባው ውሃው ጥርት ብሎ፣ ሽታም ጣዕምም አጥቶ፣ “እንዴት ያለ ጥሩ ውሃ ነው!” የተባለበት ቀን ነው።

የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት፣ ሲሪንቃን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርዱ መርሳ ይደረሳል፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አየሩ ይሞቃል፤ ማንጎና ብርቱካን በመንገድ ዳር ይቸረቸራል። ወረዳው በምዕራብ ወደ ደጋው ተንጠላጥሎ በምሥራቅ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። በደቡብ በኩል ደግሞ የሚሌ ወንዝ ያዋስነዋል። የመሬቱ አቀማመጥ እንዲህ የተለያየ በመሆኑ የሚጠጣውም ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። ተራራው ሥር ያለው ሰው ምንጭ ይቀዳል፤ በጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ራቅ ባለው ቀበሌ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ፓምፑ ሲሰበር ደግሞ ወንዙ አለ፣ የመስኖ ቦዩም አለ።

በምንጭ አጠገብ ያደጉ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ስለ ውሃ ማከም ማውራት ቀላል አይደለም። መልሳቸው የታወቀ ነው። ይህ ምንጭ አባት አያቶቻቸው የጠጡት ነው፤ ከዓለት ሥር ይፈልቃል፤ በበጋ ይቀዘቅዛል፤ እነሆ እርሳቸውም 70 ዓመት አልፏቸው በእግራቸው ይሄዳሉ። ክርክራቸው ጠንካራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚያው ምንጭ አድገው በአምስት ዓመታቸው ያልደረሱት ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው መጥተው ሊመሰክሩ አይችሉም። በየገጠሩ ስድስትና ሰባት ልጅ ወልዳ ሁለት ሦስቱን የቀበረች እናት ብርቅ ያልነበረችበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ የብዙዎቹም ሞት “ተቅማጥ ይዞት” ተብሎ ነው የታለፈው።

ዓለቱ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ሲወጣ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከላዩ ያለው ተዳፋት ነው። ከብት ይሰማራበታል፤ መጸዳጃ የሌለው ሰው ጠዋት ጠዋት ይወርድበታል። በጋውን ሙሉ የተጠራቀመውን የበልጉ ወይም የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ጠርጎ ያወርደዋል። በባለሙያዎች ዘንድ ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠው መለኪያ ቀላል ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በግማሽ ኩባያ ያህል ማለት ነው፣ አንድም የኢ ኮላይ ባክቴሪያ መገኘት የለበትም። ይህች ባክቴሪያ የሰውና የእንስሳ አንጀት ውስጥ የምትኖር ናት። ውሃው ውስጥ ከተገኘች ዓይነ ምድር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ዓይነ ምድር ከገባ ደግሞ ኮሌራውም፣ ታይፎይዱም፣ የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣው ቫይረስም መንገድ አግኝቷል። ዓይን ይህን አያይም።

«ሊያስጨንቀን የሚገባው ሽታም ጣዕምም የሌለው ውሃ የተመሰገነበት ቀን ነው።»

አንድ ጎዳና የለያቸው ከተሞች

ዓይን እንደማያይ ሰው የተማረው በብዙ ሬሳ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው የኮሌራ ሟቾችን ቤት በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ ቢመለከት፣ ምልክቶቹ የተሰባሰቡት ብሮድ ስትሪት በተባለው ጎዳና ባለ አንድ የእጅ ፓምፕ ዙሪያ ሆኖ አገኘው። የዚያ ፓምፕ ውሃ በሰፈሩ ዘንድ የተወደደ ነበር፤ ከሩቅ እያስመጣ የሚጠጣው ሰው ነበረ። በ1892 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ከጎኗ የተለጠፈችው አልቶና በአብዛኛው ተረፈች። ሁለቱም የሚጠጡት የኤልበ ወንዝን ነበር። አልቶና ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበር፤ ሐምቡርግ ግን እንዳለ ታጠጣ ነበር። ሁለቱን ከተሞች የሚለየው አንድ ጎዳና ሲሆን በአንደኛው ወገን ያለው ቤት ለቅሶ ተቀመጠ፤ በሌላው ወገን ያለው ግን ሥራውን ቀጠለ።

ክሎሪን የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ሜድስቶን ታይፎይድ ሲነሳ የውሃ መስመሩን ለማጽዳት ሞከሩት። በ1908 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ ውሃዋን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች ታይፎይድ እየመነመነ ሄደ። በዚያው ዘመን የመጸዳጃውም የወተቱም አያያዝ ተሻሽሏልና ምስጋናው ሁሉ የክሎሪን ነው ማለት አይቻልም፤ ድርሻው ትልቅ መሆኑን ግን የሚክድ የለም።

ሦስት መቶ ግራም ዱቄት

የከተማ ውሃ አገልግሎት የሚጠቀምበት ነጭ ዱቄት ኤች ቲ ኤች ይባላል። በባልዲ ታሽጎ ይመጣል፤ ሲከፈት ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና ጭንብል ይፈልጋል። ከክብደቱ ከመቶው 65 እስከ 70 የሚሆነው ሥራ የሚሠራው ክሎሪን ነው። ሠራተኛው መዝኖ በበርሜል ውሃ ይበጠብጠዋል፤ ዝቃጩ ከረጋ በኋላ ጥርቱ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል። ሒሳቡን እንሥራው። ለአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ቢታሰብ፣ 100 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ማጠራቀሚያ 300 ግራም ገደማ ዱቄት ይበቃዋል። ያ ማጠራቀሚያ 5,000 ጀሪካን ይሞላል።

ክሎሪኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ የባክቴሪያውን ሽፋን ሰብሮ ውስጡን ያበላሻል። ለዚህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከፊሉ ያልቃል፤ ምክንያቱም ክሎሪን ጀርሙን ከጭቃው፣ ከቅጠሉ፣ ከዝገቱ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ይጋፈጣል። ጭቃ የበዛበት ውሃ ላይ ጉልበቱ በጭቃው ያልቅና ለጀርሙ አይተርፍም። ደፍራሽ ውሃ መጀመሪያ ረግቶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ ነው መታከም ያለበት። እዚህ ላይ ነጠላን አለመናቅ ነው። በባንግላዴሽ የተካሄደና በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ አሮጌ የሳሪ ጨርቅን አራት እጥፍ አድርገው የኩሬና የወንዝ ውሃ ያጠለሉ መንደሮች ኮሌራን በግማሽ ያህል እንደቀነሱ አሳይቷል። የኮሌራው ባክቴሪያ የሚጣበቅባቸው ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ጨርቁ ላይ ይቀራሉና።

ከውጊያው የተረፈው ክሎሪን “ቀሪ ክሎሪን” ይባላል። አፍንጫ የሚያሸተው እርሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም እንዲቀር ይመክራል፤ ከታከመ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ 0.5። መለካቱ ሳይንስ አዋቂ አይጠይቅም። ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ውስጥ ውሃ ይቀዳል፤ አንዲት ክኒን ይጨመርና ይናጣል። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ቀለም ያወጣል፤ ቀለሙ እየደመቀ በሄደ መጠን ክሎሪኑ በዛ ማለት ነው። ነጭ እንደሆነ ከቀረ ጠባቂ የለም።

የፈረቃ ጣጣ

ውሃ ከማጠራቀሚያው ታክሞ ወጣ እንበል። መስመሩ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ከሆነ ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ቢኖር እንኳ ውሃው ይወጣል እንጂ ቆሻሻው አይገባም። ፈረቃ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው ሲዘጋ ቱቦው ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ቱቦ በስንጥቁ በኩል አጠገቡ ያለውን የቦይ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ሌሊት ፉጨት ሲሰማ፣ ቀይ ውሃ ሲወርድ፣ ሳምንት ሙሉ የተጠራቀመው ሁሉ አብሮ እየተገፋ ነው። ያቺ የመጀመሪያውን ባልዲ “ለወለል” ብላ የምትለይ ሴት ምክንያቱን ማንም ሳይነግራት ትክክል ሠርታለች።

በዚህ ላይ መብራት አለ። የጉድጓድ ውሃ በፓምፕ ነው የሚገፋው፤ ፓምፕ ያለ መብራት ቆሞ ይውላል። ወልድያ ይህን በክፉ አይታዋለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዛ በቆየችበት ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ቧንቧ ደረቀ፤ ሕዝቡ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ወረደ። በዚያ ወቅት ስለ ውሃ ማከም የሚያወራ አልነበረም፤ የተገኘው ተጠጣ። በሀብሩ ወረዳ የጃራ መጠለያ፣ ከወለጋና ከሌላም አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖች ባሉበት፣ የውሃ ጉዳይ የየዕለት ሐሳብ ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ሲሰፍር አንድ የታመመ ሰው መንደሩን ሁሉ ያዳርሳል። ኮሌራ የጠናበት ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል፤ ያ ፈሳሽ የት እንደሚገባ ማሰብ ነው።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የተነሳው ኮሌራ ዓመት ሳይሞላው አማራ ክልል ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ሊጠመቁ ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች ዘንድ ታየ። የጠበሉን ቅድስና የሚነካ የለም፤ የጎደለው ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ መጸዳጃና የታከመ የመጠጥ ውሃ ነበር።

እንስራው፣ ጀሪካኑና ጀበናው

እስካሁን ያወራነው ቧንቧው ድረስ ነው። ከቧንቧው እስከ ኩባያው ያለው መንገድ አጭር ይመስላል፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ግን እዚያ ነው። ከቦኖ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ቤት ውስጥ ሲመረመር ተበክሎ መገኘቱ በአገራችን በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው።

ጀሪካኑን ተመልከቱት። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ ይህ በጎ ነው። ግን መታጠብም አይመችም። በብርሃን ገልብጠው ወደ ውስጥ ቢያዩ ግድግዳው ላይ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ልባስ አለ፤ ጣት ባይደርስበትም ጀርም ተደላድሎ የሚኖርበት ቤት ነው። ጠጠርና አሸዋ ከጥቂት ውሃ ጋር ጨምሮ በደንብ መናጥ፣ ከዚያ ማለቅለቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። አንዳንዱ ጀሪካን ደግሞ ከውሃ በፊት ምን እንደያዘ ባለቤቱም አያውቅም።

በገጠሩ ሀብሩ እንስራ ገና አልጠፋም። በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ መዓዛው ልዩ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከእንስራ የተቀዳ ውሃ ማቅረብ ክብር ነው። ጭሱ ግን ውሃውን አያክመውም። እንዲያውም ሸክላ ክሎሪንን ፈጥኖ ስለሚጨርሰው፣ ጠዋት የታከመ የእንስራ ውሃ ማታ ጠባቂ ላይኖረው ይችላል። እንስራውን ጣሉ ማለት አይደለም፤ ውሃውን በጀሪካን አክሞ፣ የዕለቱን ብቻ ወደ እንስራ መገልበጥ ይበቃል። ኩባያ ነክሮ መቅዳትን ግን መተው ነው፤ ኩባያውን የያዙት ጣቶች አብረው ይነከራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ጀበናው ነው። ወሎ ውስጥ ቡና በቀን ሦስቴ የሚፈላበት ቤት ሞልቷል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ውሃው ሲንተከተክ ይውላል። እዚያው ጎን የተቀመጠው ሕፃን የሚጠጣው ውሃ ግን እሳት አይቶ አያውቅም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ እንጨት ተወዷል፣ ከሰልም እንደዚያው፣ የፈላ ውሃ ደግሞ “ሞቶ” ጣዕም የለውም ይባላል። ጠላውና ቃሪቦውም አለ። ለሠርግ፣ ለመውሊድ፣ ለተዝካር ሲደገስ ጠላውም ሆነ ቃሪቦው መጨረሻ ላይ የሚቀጥነው በጥሬ ውሃ ነው። ወረርሽኝ ባለበት ወቅት ትልቅ ድግስ የሚፈራው በምግቡ ብቻ አይደለም።

«ቡናው በቀን ሦስቴ ይፈላል፤ ሕፃኑ የሚጠጣው ውሃ ግን እሳት አይቶ አያውቅም።»

ኮሌራ ሲመጣ ብቻ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 የኢትዮጵያ ቤተሰቦች 9ኙ የሚጠጡትን ውሃ በምንም መንገድ እንደማያክሙ አሳይቷል። ያ ዓመት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የሚለው ስም በየሬዲዮኑ የሚሰማበት ዓመት ነበር። የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች የሚሉትም ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ውሃ አጋር የተባለው ፈሳሽ ክሎሪንም ሆነ የክሎሪን ክኒን ገበያው የሚደራው የወረርሽኝ ወሬ ሲሰማ ነው። ያን ሰሞን ከመደርደሪያ ይጠፋል፤ ወሬው ሲበርድ አቧራ ይለብሳል። ፈሳሹ ደግሞ በሙቀት ጉልበቱን ያጣል። መርሳን በመሰለ ቆላ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ጠርሙስ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ ይሰማሉ፤ ሰው ይቀበላቸዋል፤ ክኒኑን በነጻ ሲሰጡት ይጠቀማል፤ ሲያልቅ ግዛ ቢሉት አይገዛም። “እንደው ይኼን ለኮሌራው ጊዜ አስቀምጬዋለሁ” የሚል መልስ የተለመደ ነው። ታዲያ ሕፃናትን ዓመቱን ሙሉ የሚያቀጭጨው ስም የለሹ ተቅማጥ እንጂ ኮሌራ አይደለም። ኮሌራ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ያኛው በየሳምንቱ ነው።

በምዕራብ ኬንያ የተሞከረ አንድ ነገር ለኛም የሚበጅ ይመስለኛል። ክሎሪን በሱቅ ሲሸጥ የሚገዛው ጥቂት ነበር። ከምንጩ አጠገብ በቋሚ ላይ በታሰረ ሳጥን በነጻ ሲቀመጥና አንዴ ሲገፉት ለአንድ ጀሪካን የሚበቃው ሲወርድ፣ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ መጠቀም ጀመረ። ከአጥኚዎቹ አንዱ በ2019 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማይክል ክሬመር ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ቆየት ብለው ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ውሃን ማከም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ደረሱበት። እንዲህ ባለ ዋጋ ይህን ያህል የሚያተርፍ ሥራ በጤናው ዓለም ብዙ አይገኝም። ወረዳው ለእያንዳንዱ ምንጭ ሳጥን ማሠራት አያቅተውም፤ የሚያስቸግረው ሳጥኑ ባዶ ሳይሆን እንዲከርም ማድረግ ነው።

ወሬውም አለ። ክሎሪን መካን ያደርጋል፣ ካንሰር ያመጣል ይባላል። የመጀመሪያው መሠረት የለውም። ሁለተኛው ቅንጣት እውነት አለበት፤ ክሎሪን ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ሲገናኝ የሚፈጠሩ ውህዶች አሉ፤ በብዛትና ለረጅም ዘመን ሲወሰዱ ያሳስባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህ ስጋት ካልታከመ ውሃ አደጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። ይህን ለሕዝብ የሚያስረዳው የጤና ሠራተኛ ብቻ ባይሆን ይመረጣል። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢማሙ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሉ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል።

ክሎሪን የማይችለውም አለ

ክሎሪን ሁሉን አይችልም። የጃርዲያና የአሜባ እንቁላል በተለመደው መጠን ይቋቋመዋል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለችው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ጭራሽ አትበገርለትም። እነዚህን የሚገድላቸው እሳት ነው። ስለዚህ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለታመመ ሰው ማፍላት ይሻላል። ውሃው ከተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ በደጋው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው አገር፣ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ገንዘብም እንጨትም ለሌለው ፀሐይ አለች። ጥርት ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ወረቀቱ ተልጦ፣ በጠራ ውሃ ተሞልቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስድስት ሰዓት ቢተኛ አብዛኛው ጀርም ይሞታል፤ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይቆይ። የመርሳ ፀሐይ ለዚህ የተፈጠረች ናት። ደፍራሽ ውሃ ላይ ግን አይሠራም።

በረኪና ያለው ቤት በችግር ቀን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሽቶ የተጨመረበት መሆን የለበትም። ጥንካሬው ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ መጠኑን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቆ እንጂ በግምት አይደለም። ውሃ አጋርም ሆነ ክኒን የገዛ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ይከተል፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ፤ ክዳኑን ይዝጋ። “ክፍቱን ይደር” የሚለውን የጎረቤት ምክር አይስማ፤ ሽታው ሲወጣ ጥበቃውም አብሮ ይወጣል። ሽታው ከጠነከረ ሊጠጡት ሲሉ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው።

ለወልድያና ለመርሳ ውሃ አገልግሎቶች አንድ ጥያቄ አለን። የቀሪ ክሎሪን መመርመሪያ ርካሽ ነው፤ ሮዝ ቀለሙንም ያልተማረ ሰው ያነበዋል። ውሃ በተለቀቀ ቁጥር በየቦኖው አንድ ጊዜ ተለክቶ ውጤቱ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ዜሮ የተጻፈበት ቀን ሕዝቡ በቤቱ ያክማል።